ፊቱን ያዞረው ድመት

እንጅባራ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ምግብ ቤት አለ። ግድግዳው ላይ ድመቶች የሞሉበት ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ምሳ ሊበላ የገባ ሰው ሁሉ ሳህኑን ትቶ ቀና ይላል፤ ይስቃል፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። በተለይ መጨረሻ ላይ ያለው አንድ ድመት ጋ ሲደርስ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ ነኝ። ያን ድመት ግን እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ማየት አልችልም። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ብቻዬን መሸከሙ ከበደኝና ለእናንተ ልናገር ነው።

ስንዱ እባላለሁ። ያን ጊዜ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ያላገባሁ፣ ምላሴ የሚቀድመኝ፣ በእጄ ሥራ የምኮራ። አባቴ መሪጌታ አንለይ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከአዲስ ቅዳም እስከ ጥሊሊ ባለው ገጠር ቡሩሻቸው ያላረፈበት የመቅደስ ግድግዳ ጥቂት ነው። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ከአባቴ ጋር ቀለም ተሸክሜ ከደብር ደብር ስዞር አደግሁ። እሳቸው ንድፉን በከሰል ያወጣሉ፣ እኔ ቀለሙን እበጠብጣለሁ፣ ከፍ ስል ደግሞ የልብሱን እጥፋት እንድሞላ ይፈቅዱልኝ ጀመር።

ካስተማሩኝ ሁሉ የማይነካ ሕግ አንድ ነበር። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉው፣ ሰይጣኑ፣ ከሐዲው፣ ገራፊው ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ለምሳ ወረድ ሲሉ ጅራፍ ለያዘ አንድ ወታደር ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩለት። ተመልሰው ሲያዩ አልጮሁም። መሰላሉ ላይ ወጥተው በምላጭ ይፍቁት ጀመር።

«ለዚህ ሁለተኛ ዓይን ማን ሰጠው?» አሉኝ እየፋቁ።

«አሳዘነኝ አባየ።»

«ማዘን ሌላ፣ መሣል ሌላ። እዚህ የምትሳለም ሴት ፊደል አትቆጥርም። ደጉንና ክፉውን የምትለየው በዓይኑ ነው። አሁን አንች ዋሸሻት።»

ይህን ያነሳሁት በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው፤ እባካችሁ አትርሱት።

ዓመታት አለፉና የአባቴ ዓይኖች በሞራ ተያዙ። መጀመሪያ ቀለም መለየት አቃታቸው፤ ሰማያዊውን ጥቁር ነው ብለው ይሟገቱኝ ነበር። ቀጥሎ ፊት መለየት አቃታቸው። የቀኙ ትንሽ ብርሃን ቀርቶት ነበር፤ የግራው ግን ፍጹም ነጭ ሆነ። እንጅባራ ወደተከራየኋት ቤት አመጣኋቸውና ከኔ ጋር መኖር ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፤ ባጃጁን በድምፁ፣ ጎረቤቱን በእርምጃው ይለዩታል።

በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ደብር ቤተ ክርስቲያኑን አድሶ ሥዕል ፈለገ ተባለ። አባቴ «ይኸ ያንች ነው» ብለው መርቀው ላኩኝ። ኮሚቴው በትሕትና ተቀብሎኝ በትሕትና ሸኘኝ። ከአዲስ አበባ የታተመ ሥዕል ሊያመጡ ተስማምተው ነበር፤ ያብረቀርቃል፣ ቶሎ ይደርሳል። ወደ ቤት ስመለስ አባቴ የእግሬን ድምፅ ሰምተው ከወንበራቸው ተነሱ።

«እሽ አሉሽ?»

«እሽ አሉኝ» አልኩ።

ይኸው ነው። በአንዲት ቃል ሁለት ዓመት የቆየ ውሸት ጀመርኩ። እውነቱን ብነግራቸው እኮ የምነግራቸው የኔን ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ሙያ ማብቃቱን ነው። ዓይኑ የጠፋን ሰው ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው?

ሥራ ያገኘሁት ከምግብ ቤቱ ባለቤት ከጋሽ ስማቸው ነው። «እንደ ድሮው ሥዕል ሆኖ፣ ግን ሰውን የሚያስቅ ነገር አድርጊልኝ» አሉኝ። ከጓዳቸው አንዲት ድመት ወጥታ ሸራዬ ላይ ተኛች። ሐሳቡ የመጣው ከሷ ነው።

ሸራውን በአራት ረድፍ፣ በአሥራ ስድስት ክፍል ሸነሸንኩት። ልክ እንደ መቅደስ ግድግዳ ታሪኩ ከላይ ከግራ ይጀምርና እየተከተለ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ሥር በቀይ ቀለም፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል «ዘከመ» ብዬ (በግእዝ «እንዴት እንደ» ለማለት ነው) እየጀመርኩ መግለጫ ጻፍኩ። «ዘከመ ድመቶች በሠርግ ላይ ጠጡ።» «ዘከመ ድመቶች በአይጥ ላይ ለፍርድ ተቀመጡ።» ጾም ላይ የወተት ማሰሮ ፊታቸው ተቀምጦ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩ ድመቶች አሉ። እንደ አገራችን ፈረሰኞች የፈረሱን ጭራ አስውበው፣ መረሻት የሚባለውን የፈረስ ጌጥ አጥልቀውለት፣ በግዙፍ ፈረስ ላይ ጉብ ያሉ ጥቃቅን ድመቶች አሉ። ሌባዋ ድመት ብቻ በአንድ ዓይን ነው የተሣለችው፤ ሥጋ በአፏ ይዛ ወደ ጎን ትሮጣለች።

ታዲያ በየቀኑ ምሳ ላይ አባቴ ሥራው ምን ላይ እንደደረሰ ይጠይቁኛል። የድመቶቹን ሠርግ ስሠራ «ቃና ዘገሊላ ላይ ነኝ» እላቸዋለሁ። የድመቶቹን ችሎት ስሠራ «ጲላጦስ ላይ ነኝ» እላለሁ። ፈረሰኞቹን ስሠራ «ጊዮርጊስ ላይ ነኝ» ስላቸው እጃቸውን አየር ላይ አንስተው የፈረሱን አንገት ቀስት አስመስለው ሣሉልኝ። «አንገቱን አወፍሪው፣ ጭንቅላቱን አሳንሽው፣ ያን ጊዜ ይቆጣል» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ምክራቸውን አንዱንም አልጣልኩም፤ ሁሉም ድመቶቹ ላይ አለ። ይህ ኃጢአቴን የሚያቀልልኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻውን ክፍል ግን አልነገርኳቸውም። ስጦታ ነበር። ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ፣ መቋሚያውን ግድግዳ ያስደገፈ፣ ቡሩሽ የያዘ ሽማግሌ ድመት ሣልኩ። የቀደሙትን አሥራ አምስት ክፍሎች የሚሥለው እሱ ነው። አባቴ ናቸው። ፊታቸውን ስሠራ ያ ነጩ የግራ ዓይን እጄን ያዘው። ምግብ ቤት ውስጥ ለሳቅ በተሰቀለ ሥዕል የአባቴን የጠፋ ዓይን ሰው እንዲያይብኝ አልፈለግሁም። ስለዚህ ሽማግሌውን ድመት ፊቱን ወደሚሥልበት ሸራ በጎን አዞርኩት። የግራው ዓይን በዚያ በኩል ተሰወረ፤ የቀኙን ጥርት አድርጌ ሠራሁት። ሲያልቅ ለራሴ «እንዴት ያምራል» አልኩ። አለቀስኩም።

ለድመቶች ሁሉ ያስታወስኩትን ሕግ አባቴ ጋ ስደርስ ረሳሁት።

ሥዕሉ ከተሰቀለ ከወራት በኋላ በከተማችን የዓይን ሞራ በነጻ ይነሳል የሚል ወሬ ተሰማ። አባቴን አስመዘገብኩ። ረቡዕ ጠዋት የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ፤ የግራው ለሌላ ዙር ተቀጠረ። ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ እዚያው አልጋ ላይ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

«ነገ ሲፈታልኝ መጀመሪያ ወዴት እንደምትወስጅኝ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

«ወደ ቤት ነዋ፤ ማረፍ አለብዎት።»

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ! ሥራሽን ሳላይ ቤት አልገባም። ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ያየሁትን በዓይኔ ልየው እንጂ!»

ያን ቀን ስንት ሰበብ እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ። ቁልፍ የያዘው አባት ለቅሶ ሄዷል። መንገዱ ጭቃ ነው። ሐኪሙ ብርሃን ከልክሏል። እውነቱን መናገር የሚባል ነገር ከሰበቦቹ ሁሉ ኋላ መጣ፤ ሲመጣም ገፋሁት። «ነገ ፈገግ ብለው ፊቴን ሲያዩ እናገራለሁ» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። አባቴ ዓይናቸውን አርገበገቡ። እንባ ወረደ፤ ጠረገችላቸው። መጀመሪያ የገዛ እጃቸውን አዩ። መዳፋቸውን አገላብጠው «ምነው እንዲህ አረጀ!» አሉ። ቀጥሎ እኔን አዩ። ሙሉ ፊታቸውን ወደኔ መልሰው፣ አገጬን በጣታቸው ቀና አድርገው፣ ብዙ ቆዩ።

«እናትሽን መስለሻል» አሉኝ።

ልናገር አፌን ስከፍት ነርሷ ቀደመችኝ። «አባባ፣ ልጅዎን አላወቅኳትም ነበር እኮ! የድመቶቹን ሥዕል የሣለችው እሷ ናት አይደል? ምሳ ስንበላ ሁልጊዜ እያየን እንሥቃለን!»

«የምን ድመት?» አሉ አባቴ።

ነርሷ ምንም ክፋት የለባትም። የትኛው ምግብ ቤት እንደሆነ፣ ድመቶቹ ፈረስ እንደሚጋልቡ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባቴ እስክትጨርስ ሰሟት። የዓይን ጠብታውን ተቀብለን ወጣን። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እንደተቀመጥን ሾፌሩ ወዴት እንደሆነ ጠየቀ።

«ወደ ድመቶቹ» አሉ አባቴ።

«አባየ፣ መጀመሪያ ልንገርዎት...»

«ስትነግሪኝ ኖረሻል። አሁን ልየው።»

መንገዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለኔ ግን አላልቅ አለኝ። አባቴ በባጃጁ ጎን የሚያልፈውን ሁሉ ይመለከታሉ፤ ታፔላውን፣ ፈረሱን፣ የከሰል ጆንያውን። መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ ወርውረው ሲጮሁብኝ፣ በሰው ፊት ሲረግሙኝ ታየኝ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው አልገባም ነበር። ጋሽ ስማቸው እጅ ነሥተው ወንበር አቀረቡ፤ አባቴ አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ወደ ሥዕሉ ሄደው አፍንጫቸው ሊነካው እስኪቃረብ ተጠጉ። ከላይ ከግራ ጀመሩ፤ እንደሚገባው። የሠርጉ ክፍል ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መሰለኝ።

እየሣቁ ነበር።

«ቃና ዘገሊላ!» አሉ ወደኔ ሳይዞሩ። «ይኸ ነው ቃና ዘገሊላሽ! እንስራው ውስጥ የገባው የማን ልጅ ነው?»

«የሙሽራው ወንድም ነው» አልኩ።

«ሰክሯላ! እግሩን ተመልከች፣ እግሩን።» ወደ ችሎቱ አለፉ። «ጲላጦስ ጢም አወጣ!» አሉና ሆዳቸውን ያዙ። ፈረሰኞቹ ጋ ሲደርሱ ሣቁን አቁመው በጣታቸው የፈረሱን አንገት ተከተሉ። በአዊኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አሉ። ሲደነቁ የሚሉትን። «ያልኩሽን ሰምተሻል። ተቆጥቷል። ስንዱ፣ እጅሽ ከኔ እጅ በልጧል።»

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ተደስቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ውሸት በሣቅ ተራገፈልኝ። ጋሽ ስማቸውም ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ እንባዬም ይወርዳል። ደስታው አስክሮኝ፣ ስጦታዬን ራሳቸው እስኪያገኙት እንኳ መታገስ አቃተኝ።

«የመጨረሻውን ይዩት አባየ። እርስዎ ነዎት!»

ጎንበስ አሉ። ጥምጥሙን አዩ። መቋሚያውን አዩ። ቡሩሹን የያዘበትን እጅ አይተው «የኔ አያያዝ ነው» አሉ። ከዚያ ፊቱ ጋ ደረሱ።

ሣቃቸው ከፊታቸው ላይ ሲወርድ አየሁት። ጣታቸውን አንስተው የድመቱን አንድ ዓይን ነኩ። ከዚያ ጣታቸው ሌላኛውን ፍለጋ ወደ ጎን ሄዶ ባዶው ሸራ ላይ ቆመ።

«ሌላው ዓይኑስ?»

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። ምላጩ፣ መሰላሉ፣ ጅራፍ የያዘው ወታደር፣ «አሁን አንች ዋሸሻት» ያሉኝ።

«ዞሮ ነው አባየ። ወደ ሸራው ስለዞረ ነው። የግራው ዓይንዎ... ሰው እንዳያይብዎት ብዬ ነው። ለክብርዎ ብዬ ነው።»

«አንች እኔ ቤት ነው ያደግሽው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አንድ ዓይን ለማን እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ። ይችን ሌባ ታውቂያታለሽ፤ እሷን በትክክል ሠርተሻታል።»

«አባየ፣ በእግዚአብሔር...»

«ሞራውን ብትሥይው ምን ነበረበት? ነጭ ቀለም አጥተሽ ነው?»

ነጭ ቀለም ነበረኝ፤ ጥምጥሙን በሱ ነበር የሠራሁት።

ጋሽ ስማቸው ነገሩ ሳይገባቸው «መሪጌታ፣ ሻይ ይምጣ?» አሉ። አባቴ አመስግነው መቋሚያቸውን አነሱና ወጡ። ስለ ሁለት ዓመቱ ውሸት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ያን ቢጠይቁኝ የምመልሰው ነበረኝ፤ በመንገዱ ሁሉ አዘጋጅቼው ነበር።

ቤት ገብተው ወንበራቸውን ከደጃፉ ወደ ውስጥ አስገቡና ወደ ግድግዳው አስጠግተው ጎናቸውን ለኔ ሰጥተው ተቀመጡ። ምሳ ሳቀርብ እንደዚያው፣ ስናገርም እንደዚያው። ብርሃኑ አስቸግሯቸው ይሆናል ብዬ መስኮቱን በሻሽ ጋረድኩ። አልዞሩም። ጠብታውን በቀን ሦስት ጊዜ የማደርግላቸው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ፊታቸውን ቀና ያደርጉልኛል፤ የሚያዩት ግን ኮርኒሱን ነው።

በማግስቱ ዓርብ ረፋዱ ላይ ቀለሜን ይዤ ወደ ምግብ ቤቱ ሮጥኩ። ጋሽ ስማቸው ሥዕሉን ላውርድ ብላቸው እምቢ አሉ፤ «የጾም ምሳ የሚበላ ሰው ሊገባ ነው፣ ቶሎ ነካ ነካ አድርገሽው ሂጂ» አሉኝ። ወንበር ስቤ ከሥዕሉ ፊት ተቀመጥኩ። የድመቱን ጭንቅላት እንዳለ አፍርሼ ፊቱን ወደ ሰው ማዞር ነበረብኝ፤ ለዚያ ግን ቀን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ አባቴን በዚያው ቀን ይዤ መምጣት ፈለግሁ። ወደ ጎን በዞረው ፊት ላይ፣ ከመጀመሪያው ዓይን አጠገብ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩ።

ተመልሼ ነገርኳቸው። «አባየ፣ አስተካክዬዋለሁ። ሁለት ዓይን አለው። እንሂድና ይዩት።»

«ፊቱን አዞርሽው?» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

«አላዞርኩትም። ዓይኑን ጨመርኩለት።»

ሠዓሊ ናቸው፤ ሳያዩት ታያቸው። «በአንድ ጎን ሁለት ዓይን» አሉ ቀስ ብለው። እንሂድ ብዬም ዳግመኛ አልጠየቅኳቸውም።

ክረምቱ ሲገባ ሳንባቸውን ብርድ መታቸው። የግራ ዓይናቸው ቀጠሮ ሳይደርስ ተኙ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ «አባየ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። ቃሉን ሰጡኝ። ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነበር። ስለደከማቸው ይሁን፣ ስለጨከኑብኝ ይሁን፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም። እንደዚያው ሆነው አረፉ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ጥሩ ነገር ፈልጌ ላካፍላችሁ ሞክሬ ነበር። አላገኘሁም። ቡሩሽ መያዝ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ዛሬ የምኖረው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነው። አንድ ቀን አባቴን በሙሉ ፊት ልሥላቸው ከሰል አንስቼ ነበር። ወረቀቱ ላይ የወጣልኝ ጎናቸው ብቻ ነው፤ ዓይኔ የያዘው እሱን ነውና። ያን ሐሙስ ጠዋት አገጬን ይዘው ያዩኝን ፊት ለማስታወስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እጃቸው ይመጣልኛል፣ ድምፃቸው ይመጣልኛል፣ ፊቱ አይመጣም። እናንተ የምትወዱት ሰው ላይ ጉድለት አይታችሁ ለሱ ክብር ብላችሁ የምትሸፍኑለት ነገር ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። እኔ ሳልጠይቅ ሸፈንኩ።

ጋሽ ስማቸው ሥዕሉን ላስተካክል ብዬ ደጋግሜ ለምኛቸዋለሁ። አይሆንም አሉኝ፤ ሰው ሁሉ የሚወደው ያን ድመት ነው። ባለፈው ሰሞን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ምሳ ላመጣ ገባሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሥዕሉ ሥር ተቀምጠው ነበር። አንዷ ተነስታ ስልኳን ወደ መጨረሻው ክፍል አስጠግታ ሣቀች፤ ጓደኞቿም ሣቁ። ምሳውን እየጠበቅሁ አጠገቧ መቆሜን አይታ ወደኔ ዞረች።

«ይኸ ሽማግሌ ድመት ግን ምን ሆኖ ነው? ሁለቱም ዓይኑ በአንድ በኩል የሆነው?»

አባቴ ናቸው አላልኳትም።

«ሠዓሊዋ ተሳስታ ነው» አልኳትና ምሳውን ተቀብዬ ወጣሁ።